ማኅተም ያረፈበት ባዶ ገጽ

እኛ ኢትዮጵያውያን ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አናምንም። ፊርማማ ማንም ይፈርማል፤ ክብ ማኅተም ግን፣ በተለይ ሐምራዊው፣ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ድንበሩን ተሻግሬ ኬንያ ሞያሌ ላይ ሆቴል ስከፍት ከድስቱም ከወንበሩም ቀድሞ የተሠራው ማኅተሜ ነው። ምን ይደረግ? ልማድ ነው።

ስለ ልማድ ካነሳን ዘንዳ፣ ልጄ ሜሮን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክላስ ቱ፣ ማለትም ሁለተኛ ክፍል፣ ትማራለች። በትምህርት ቤቷ ደንብ ልጅ የቤት ሥራውን ሲጨርስ ወላጅ አይቶ ከገጹ ግርጌ ይፈርማል። እናቷ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ሱቅ ስለምትውል ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። መምህርቷ ማዳም ቃባሌ የቦረና ልጅ ናት፤ ቀልድ አታውቅም። በዚህ በመጨረሻው ተርም ሜሮን የቤት ሥራ መሥራት ካልለመደች ክላስ ቱን ትደግማለች ብላ አስጠነቀቀችኝ። ደነገጥኩ፤ ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ሰሞን እያየሁ እፈርም ነበር። አየሁ ስል ገለጥኩ ማለቴ ነው፤ እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም ከእኔ ጋር ብዙ አይተዋወቁም። ፊርማዬ ብቻውን ቀለለብኝና ማኅተም ጨመርኩበት። ታዲያ የናይሮቢ ሎሪዎች ሲገቡ ሆቴሉ ይጨናነቃል፤ እሷ ደግሞ ደብተሯን ይዛ እግሬ ሥር ትቆማለች። አንድ እሑድ መላ መታሁ። ደብተሩን ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈረምኩና ማኅተሜን አሳረፍኩበት። የአንድ ተርም አባትነት በሩብ ሰዓት አለቀ! የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም ሆነ። የቤት ሥራስ ስላት አልቋል ትለኛለች፤ ገመዷን ይዛ ልትዘል ትወጣለች። ጎበዝ እላታለሁ። ማዳም ደብተር የምትሰበስበው በየሁለት ሳምንቱ ነው።

ስታስጠራኝ ለምስጋና መስሎኝ ኮት ለብሼ ሄድኩ። ደብተሩን ዘርግታ፣ ካሪቡ ባባ ሜሮን፣ ይቀመጡና ያንብቡልኝ አለችኝ። ምኑን ላንብብ? አሥር ባዶ ገጽ፣ በየግርጌው የሆቴሌ ማኅተም። አጠገቧ የቆመችው ሜሮን ላይ ጮኽኩባት። እሷ ግን ምንም ሳትደነግጥ፣ አባዬ፣ አልቋል ብለህ የመታህበት አንተ አይደለህ እንዴ አለችኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው። በጣም አፈርኩ፤ የልጄን ዓመት በገዛ እጄ ላበላሸው ነበር።

ማዳም ፈረደች። ማኅተም ሃፓና፣ የለም፣ ከእንግዲህ አላይም አለች። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ ትንሽ ቀምሳ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ሁለታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንድንቀመጥ አዘዘች። እርሳሷን እንዳይነኩባት፣ ስትሳሳት ራሷ ታጥፋ አለችኝ። ለእኔም ሌላ ደብተር ሰጠችኝ፤ አብሬያት ስቀመጥ ሜሮን ራይት፣ ስቀር ኤክስ ልታደርግብኝ ነው።

ተቀመጥኩ። አምስት ቁጥርን ገልብጣ ስትጽፍ እያዩ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያየው ያውቀዋል! ቀስ በቀስ ግን አሥር ሰዓት ሲሆን ሳልጠራት ቦርሳዋን ይዛ ትመጣ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ከቀኑ ሁሉ ደስ የሚለኝ ሰዓት እሱ ሆነ። ቢሆንም ሎሪ ሲደርስ ተነስቼ እሄዳለሁ፤ ፍየል ልገዛ ቡቲዬ መንደር ወርጄ እቀራለሁ። አንድ ቀን፣ እባክሽ የዛሬን ራይት አድርጊልኝ፣ ነገ እክሳለሁ ብዬ ለመንኳት። አባዬ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ አለችኝ።

ተርሙ ሲያልቅ ማዳም ሁለቱንም ደብተሮች አገላበጠች። የሜሮንን ዘግታ ሆንጌራ፣ እንኳን ደስ አለሽ ብላ እጇን ጨበጠቻት። ኤክስ የበዛበትን የእኔን ዘግታ ግን ከመሳቢያዋ አዲስ ደብተር አውጥታ ስሜን ጻፈችበት። ሜሮን ወደ ክላስ ስሪ አለፈች፤ እኔ ደገምኩ።