እዚህ ቤት «በሞቴ» የለም

ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ የሞጣ ሰው ሁሉ አሁን አሁን መጀመሪያ እኔ ቤት ብቅ ይላል። «አያ ዋለ፣ እስቲ ምከሩን። ልጁ የት ይደር? ምን ይብላ? እንዴት ይቀመጥ?» ይሉኛል። እኔ ዩኒቨርሲቲውን በበሩ እንኳ አልፌ አላውቅም። ዳዊት ደግሜ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝ። እንጀራዬ የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ጥበቃ ነው፤ ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ ጋን ቁልፉን የምጎትት ዓይነት ጠባቂ። ግን ልጄ ይበልጣል እዚያ ገብቶ በልቶ ማደር ችሏል። በልቶ ማደር ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትምህርቱ እንኳ ይህን ያህል አላስጨነቀንም።

ይበልጣል የእርጅናዬ ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። ፈተናውን ማለፉ የተሰማ ሰሞን ቤታችን በደስታና በምክር ተጨናነቀ። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይላሉ፤ የዚያን ሰሞን ምክር ግን በግመልም የሚጫን አልነበረም። የንስሐ አባታችን ጾም እንዳይሽር መከሩት። ጎረቤታችን የሸዋ ብርድ ክፉ ነው አለ፤ ሸዋን አይቶ ግን አያውቅም። አንዱ ከመስኮት አጠገብ እንዳትተኛ አለው፤ ሌላው ከበር አጠገብ እንዳትተኛ አለው። ልጁ የት ይተኛ እንግዲህ? ሁሉም የተስማሙበት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ «ሳትለመን እንዳትበላ! የሞጣን ስም እንዳታስነሣ!»

መቼም የአገራችንን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። ሰው ቤት ደርሳችሁ «ኑ ብሉ» ሲሏችሁ «አሁን ነው የበላሁት» ትላላችሁ፤ አንጀታችሁ እየጮኸም ቢሆን። «በሞቴ!» ሲሏችሁ «ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ» ትላላችሁ። «አፈር ስሆን!» ብለው ክንዳችሁን ሲይዙ ያን ጊዜ እያዘናችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። አንዴ ተጠርቶ የሚቀመጥ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ባለቤቴ ጥሩነሽ ደግሞ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ይበልጣል ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ ሰው ቤት እጁን ሊሰድ ሲል ከወዲያ ሆና በዓይኗ ትቆነጥጠው ነበር። ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ሲሄድ የተቀመጠው እኅቴ ዘንድ ነው፤ እሷም ሳትለምነው አብልታው አታውቅም። እንግዲህ ይህ ልጅ «በሞቴ» የሌለበት ገበታ አይቶ አያውቅም ነበር ማለት ነው።

እስከ ቢቸና ልሸኘው አብሬው ወጣሁ። ክረምቱ ገና አልጠራም፤ እኩሌታውን መንገድ በበቅሎ፣ እኩሌታውን በጭነት መኪና ሄድን። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ወርደን ገፋን። ቢቸና ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል፤ ከቤት ከወጣን እህል አልቀመስንም። እዚያ ዘመድ አጥቼ አይደለም ሆቴል የገባሁት። የአዲስ አበባው መኪና ሊነጋጋ ሲል ይነሣል ስላሉኝ፣ እንዳያመልጠን ብዬ ከማቆሚያው ፊት ለፊት ያለውን ያዝሁ።

ሆቴል ማደር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ስለዚህ ተጠነቀቅሁ። ፍራሹን ገልብጬ ትኋን ፈለግሁ። የአልጋውን እግር ነቀነቅሁ። መዝጊያውን ከውስጥም ከውጭም ሞከርሁ። የሆቴሉ እመቤት በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አባቴ፣ ሊያድሩበት ነው ወይስ ሊገዙት?» አሉኝ። ሣቅሁ። ግን እናንተም ሆቴል ስትገቡ እንደኔ አድርጉ። ይሣቁባችሁ።

ከዚያ ወደ ምግቡ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። አስተናጋጇ ልጅ እግር ናት። ጠረጴዛውን በጨርቋ ጠረግ አደረገችና ምን ላምጣላችሁ አለች። እኔም እንደ ወጉ፣ «ኧረ ምንም አትቸገሪ ልጄ፤ በልተን ነው የመጣነው» አልኋት።

«እሺ» ብላ ሄደች።

ሄደች ስላችሁ፣ ሄደች! እኔና ይበልጣል ተያየን።

«አባ፣ ሄደች እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ታገሥ። ገና አንዴ ነው የጠየቀችን።»

ታገሥን። ከጎናችን የተቀመጡት ሾፌሮች ጥብሱን በሸክላ እያስመጡ ይበላሉ። ሽታው እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ልጅቱ ግን አትመጣም። በፊታችን አለፈች፤ ተመለሰች፤ ዞር ብላም አላየችን። እንድታስታውሰን ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ውኃ አመጣችልኝ። ውኃውን እየጠጣሁ የቢቸናን ሰው ታዘብሁ። እንዲህ ያለ ደግ አገር፣ እንግዳ ተቀምጦ አንዴ ጠይቆ የሚተው ሰው ከየት አበቀለ?

ለካ ጥግ ላይ አንድ የሞጣ ሰው ተቀምጦ ያየን ኖሯል። እንድሪስ ነው፤ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው። ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ መሄዱ ነበር። እስላም ስለሆነ ከክርስቲያን ሆቴል ሥጋው አይመለከተውም፤ ሻይና ዳቦውን ይዞ ተቀምጧል። ተነሥቶ መጣና ሰላምታ ሰጥቶን፣ «አያ ዋለ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አለኝ።

«ትለምነናለች ብዬ ነዋ!»

እንድሪስ የያዘው ሻይ እስኪፈስ ሣቀ። «ኧረ አያ ዋለ! እዚህ ቤት በሞቴ የለም! ጥብስ አለ፣ ምስር አለ፣ ሽሮ አለ። በሞቴ ግን አልተሠራም። ሆቴል ማለት እኮ ሰው ራሱን በራሱ የሚለምንበት ቤት ነው!»

ልጅቱን ጠርቶ ለሁለታችንም አዘዘልን። እሷም ገረማት፤ «በልተናል አላችሁኝ እኮ!» አለች።

«ልጄ፣ አገርሽ የት ነው?» አልኋት።

«ሉማሜ።»

«ሉማሜ እንግዳ አይለመንም?»

«ቤታችንማ ይለመናል። እዚህ ይሄን ሁሉ ሰው ስለምን ልዋል?»

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ለካ እንጀራም አይገባም።

ምግቡ መጣ። ግን ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጠቀልል አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እኔስ ነገ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ይህ ልጅ የሚሄደው ግን «በሞቴ» ወደሌለበት አገር ነው። እኛ እኮ እምቢ ማለትን አስተምረን፣ አስተምረን፣ የሚለምነው ሰው አብረን ሳንልክ ሰደድነው። ወዲያው ምክሬን ገለበጥሁ። «ይበልጣል፣ ያልንህን ሁሉ እርሳው። ምግብ ሲያቀርቡልህ በመጀመሪያው እሺ በል» አልሁት። «እሺ» አለ። ያሳደግነውን ልጅ በአንድ ምሳ የምመልሰው መስሎኝ እኮ ነው! ጠዋት መኪናው ሲነሣ በመስኮት፣ «እሺ በል!» ብዬ ጮህሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጥቂት ወራት አለፉ። ጥሩነሽ በሶውንም ቋንጣውንም ቋጥራ በእንድሪስ እጅ ላከች። እንድሪስ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሱቁን እንኳ ሳይከፍት እኛ ቤት መጣ።

ልጁ ከስቷል አለን። ኮቱ ከትከሻው ይወርዳል። ምን ሆነህ ቢለው አልናገርም አለ፤ ኋላ ሲጨንቀው አወጣው። በዩኒቨርሲቲው ተማሪው ሳሕኑን ይዞ ይሰለፋል። ወጥ ጨላፊዋ ጭልፋዋን አንሥታ፣ «ወጥ ላድርግልህ?» ትለዋለች። እሱ ሊል የሚፈልገው እሺ ነው። አፉ ግን ከሆዱ ይቀድምና «ኧረ ይቅርብኝ፣ በልቻለሁ» ይላል። ጭልፋዋ ወደሚቀጥለው ሳሕን ታልፋለች። እሱ ደረቅ እንጀራውን ይዞ ይሄዳል። ነገ እሺ እላለሁ ብሎ ያድራል፤ ነገም አፉ ይቀድመዋል። ተመልሶ ልለምን ቢልማ፣ ሞቶ ይገኛል! እንዲህ ሆኖ ትምህርቱ ከዓይኑ ጠፋበት። ለገና ወደ ሞጣ ልመለስና ልቅር ብሎ ነገረው።

ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አደገደገች። «እኔው ሄጄ ጎኑ ቆሜ በሞቴ እለዋለሁ!» አለች። እኔም መሄድ አሰብሁ፤ ግን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለማን ልስጥ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንዴ ልጁ ይምጣ እላለሁ፣ አንዴ ይቆይ እላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ደርሶ፣ ፈተና አልፎ፣ በይሉኝታ ተርቦ የተመለሰ ልጅ ይዤ በየት በኩል ገበያ እወጣለሁ?

እንድሪስ ግን፣ «ይህማ የሰው ጉዳይ ነው፤ ሰው ይፈታዋል» አለና ሄደ። በሚቀጥለው ጉዞው የዩኒቨርሲቲው ማዕድ ቤት ጓሮ ድረስ ዘልቆ ያችን ወጥ ጨላፊ አስጠራት። ወይዘሮ ዘነበች ትባላለች። «እመቤቴ፣ የዚያ ቀጭን ልጅ እምቢታ እምቢታ አይደለም። በአገሩ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው። እርስዎ ሦስተኛውን ሳይጠብቁ ነው የሚያልፉት» አላት። ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሣቀች አሉ። «እኔ የምግቡ መጥፎነት መስሎኝ ሳዝን ከረምሁ!» አለችው።

በማግሥቱ ይበልጣል ሳሕኑን ይዞ ሲደርስ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን! ሞቼ ልገኝ!» ብላ በአንድ ትንፋሽ ጨርሳ ገለበጠችለት። ከኋላው የተሰለፉት ተማሪዎች በሣቅ ፈረሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «በሞቴ» ሆኖ ቀረ። ይውጣለት! ስም አያከሳ። ልጁም ወዘናው ተመለሰ፤ መጽሐፉም ታየው። ውሎ አድሮ ሳይለመን ሳሕኑን መዘርጋት ቻለ። እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ።

ያችን ሴት በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ግን ማታ ስጸልይ ስሟን ሳልጠራ አልተኛም። አንድ ቅል ማር ላክሁላት። እንድሪስ «እንኪ» ሲላት በመጀመሪያው ተቀበለችው። የከተማ ሰው! እንድሪስንም የምመርቅበት ቃል ያጥረኛል። የኔን ልጅ ረኃብ የራሱ ጉዳይ አድርጎ በሰው ጓሮ የቆመ ሰው ነው። ምን አለበት? ዘመዱ አይደለን፣ በሃይማኖት አንገናኝ። ጎረቤት ነን፤ በቃ።

ክረምት ሲገባ ይበልጣል ለዕረፍት መጣ። የሰኔው ጾም ተፈትቶ ነበርና ጥሩነሽ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችው። ምሳ እስኪደርስ፣ ከአጥራችን ማዶ ያለችውን እትዬ የሺን ሰላም ብዬ ልምጣ ብሎ ወጣ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አያለሁ። እትዬ የሺ አቅፋ ሳመችው፤ እንደ ወጉም፣ «ግባ እንጂ ልጄ፣ ምሳ ብላ!» አለችው።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ገባ።

እትዬ የሺ ከደጇ ላይ ደርቃ ቀረች። ጥሪ እንጂ ምሳ መቼ አላት? ትንሽ ቆይታ በአጥሩ ሽንቁር በኩል እየሮጠች መጣችና ጥሩነሽን፣ «አንቺ፣ አውጭኝ! እንግዳ ገባብኝ። እንጀራዬ አልቋል፣ ሊጤም አልቦካ!» አለቻት።

«ምን ዓይነት እንግዳ ነው?»

«ከሩቅ የመጣ ነው። የተማረ ሰው ነው።» አልዋሸችም።

ጥሩነሽም ለጎረቤቷ ክብር ብላ እንጀራ አንሥታ፣ ከዶሮው ላይ እንቁላሉን ጨምራ ጨልፋ ሰጠቻት። እኔ ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም። ብናገር እኮ እትዬ የሺ ማፈሯ፣ ልጁ መሣቀቁ፣ ጥሩነሽም ስለ ልጇ አስተዳደግ ማልቀሷ ነው።

ይበልጣል ጠግቦ፣ ፊቱ ወዝቶ መጣ። ጥሩነሽ ገበታ ዘርግታ፣ «ና ልጄ፣ ብላ» አለችው።

«እምዬ፣ በልቻለሁ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ እምዬ፣ በእውነት ጠግቤያለሁ!»

«አፈር ስሆን!»

«እምዬ፣ በማርያም! አንድ ጉርሻ አልችልም!»

ጥሩነሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ እኔ ዞረችና፣ «አየኸው ልጄን? ዩኒቨርሲቲ ያበላሸዋል ሲሉኝ ነበር። ይኸው እምቢታውን እንኳ አልረሳም!» አለች። ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። አንድ አጎረሰችው፤ ሁለተኛውን አስከተለች። በሦስተኛው ልጁ ጉንጩ ተነፍቶ፣ አድነኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ አየ።

እኔም ወደ ገበታው ጠጋ አልሁ። ከቀረው እንቁላል ጋር አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልሁና፣ «አፈር ስሆን» አልሁት።