የሓድነቱ የልጅነት ዋና ተቆጣጣሪ

እስቲ ያንን ድንጋይ ተመልከቱት። መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ከታክሲ ወርዳችሁ የኮብልስቶኑን መንገድ ይዛችሁ ስትገቡ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር አጠገብ ያለውን። ሁለት ሰው አዝናንቶ ያስቀምጣል። ነገር ግን በመቀመጥ ብዛት እንደ ሳህን የለሰለሰው አንዱ ወገኑ ብቻ ነው፤ ሌላው አቧራ ለብሷል። ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን። ለጊዜው የለሰለሰው ወገን ላይ የተቀመጡትን ሰው እዩልኝ። ክቡር አቶ ጣሰው፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር፣ ፊሽካቸውን እስከ ዛሬ ከአንገታቸው ያላወለቁ፣ ማንም ሳይሾማቸው የሰፈራችን የልጅነት ዋና ተቆጣጣሪ።

በዚህ አገር መብራት የሌለበት ሰፈር ሞልቷል። ውሃ የማይደርስበትም አይጠፋም። «በእኛ ጊዜ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። «እኛ ጋ የለም» የምትሉ ካላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው በቀስታ ጠይቁት፤ እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

ጋሽ ጣሰው ከደብረ ሲና ወደ መቐለ የመጡት ለሁለት ዓመት ብለው ነበር። ይኸው ሠላሳ ሁለት ሆናቸው። ትግርኛቸው ዛሬም የደብረ ሲና ጉም እንደያዘው ነው፤ ልጆቹ ግን እንደ ማንኛውም የሰፈሩ አባት «አቦይ ጣሰው» ይሏቸዋል። ጦርነቱ ሲመጣ እህታቸው ደውላ «ምን ታደርጋለህ እዚያ? አገርህ ግባ እንጂ!» ብትላቸው «አገሬ በር ላይ ተቀምጬ ነው የማናግርሽ» አሏት። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ሳይመለስ ቀረ።

የሥራ ሰዓታቸው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጉዳይ የጎረቤታቸው የሰርካዲስ ልጅ ኤልሳዕ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚሄደው በባጃጅ።

«በባጃጅ!» ይላሉ ጋሽ ጣሰው፣ ባጃጁ ሬሳ የጫነ ይመስል ብድግ ብለው። «ይኼም ልጅነት ሆኖ! በእኛ ጊዜ ሦስት ሰዓት በእግር፣ ሁለት ወንዝ፣ አንድ ገደል!»

ይህ መንገድ በየዓመቱ ይረዝማል። መቐለ በመጡ ሰሞን የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሁለት ሰዓት ሆነና አንድ ወንዝ ተጨመረበት። እግዜር ዕድሜ ከሰጣቸው ከደብረ ሲና ተነሥተው የሚማሩት አሰብ ሳይሆን አይቀርም።

«ጅቦችም ነበሩ» ይላሉ። «ሦስት!»

«አቦይ፣ ባለፈው'ኮ ጅቧ አንድ ነበረች» ይላል ኤልሳዕ ከባጃጁ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ።

«ወልዳ ነዋ!» ይላሉ፣ ቅንድባቸውን እንኳ ሳያነሡ።

የራስ ቁር ደፍቶ ሳይክል የሚነዳ ልጅ ካዩ ደግሞ የዚያ ቀን ሥራቸው ሌላ ጉዳይ አያስተናግድም። «በእኛ ጊዜ ብረቱ ራሳችን ነበር!» ኤልሳዕ ሰባት ዓመት ሲሞላው ልደቱ ላይ ተጠርተው ንግግር አድርጉ ተባሉ። ተነሡ። ፊሽካቸውን አስተካከሉ። «በእኛ ጊዜ ልደት የሚከበረው የጌታ ብቻ ነበር። እኔ የተወለድኩት ላማችን ገደል የገባች ዕለት ነው። እናቴ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ታለቅሳለች። ለላሟ!» ሰርካዲስ ትልቅ ቁራሽ ኬክ ባታጎርሳቸው ኖሮ ሻማው እስኪያልቅ ይቀጥሉ ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። በዚያ በሚያወድሱት ጊዜ እናታቸው ከወለደቻቸው ሰባት ልጆች ያደጉት ሦስት ናቸው። ሁለቱን ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ወስዷቸዋል። የጋሽ ጣሰው ግራ ጆሮ የማይሰማው በአንድ የአስተማሪ ጥፊ ነው፤ ያጠፉት ጥፋት ደግሞ በመስኮት ወፍ ማየት። ይህን ሁሉ አሳምረው ያውቁታል። ድንጋዩ ላይ ግን አይወራም። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ የልጅነታችንን ወንዝ እናወራለን፣ ወንዙ የወሰደውን ልጅ እንዘላለን።

ታዲያ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤልሳዕ የእናቱን ስልክ ይዞ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ጣሰው ስለ ጨርቅ ኳስ አጠቃለልና አሰፋፍ ማስረዳት ከጀመሩ ሩብ ሰዓት ሆኗቸዋል።

«ካልሲው የማን ነው ብትለኝ፣ የአባቴ!»

«እህ» ይላል ኤልሳዕ፣ አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ እየሮጠ።

«አንዱ እግር ብቻ! ሁለተኛውን ወስጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት አታገኘኝም!»

«እህ።»

ይኼኔ ከጎረቤት ግቢ የሆነችው ፀደይ ከትምህርት ቤት ደረሰች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት። ቦርሳዋን ጣለችና ስልኩን ከኤልሳዕ እጅ መነጨቀችው።

«እናንተ የዛሬ ልጆች ምን ታውቃላችሁ?» አለችው። «በእኛ ጊዜ ኔትዎርክ የሚባል ነገር መቼ ነበረና!»

ጋሽ ጣሰው ዞር አሉ። አረፍተ ነገሩ የእሳቸው ነው፤ አፉ ግን የሌላ ሰው።

«በእኛ ጊዜ» አለች ፀደይ፣ ወገቧን ይዛ፣ «መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ትምህርት ቤት ራሱ የለም! ከኮሮናው ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚችው መንገድ ላይ ነበርን። አንተ ጡት ትጠባ ነበር። ጠዋት እንወጣለን፣ እስኪመሽ ኩኩሉ! አቦይ ጣሰው እዚያ ምሰሶ ላይ ዓይናቸውን ይይዙና ‹ኩኩሉ!› ይላሉ። እኛ ደግሞ ‹አይወግሐን!› እንላለን። አልነጋም፣ ቆዩ፣ ገና አልተደበቅንም ማለት ነው። ድሮን ሲመጣ ግን ማንም ሳይጠራን ነበር የምንደበቀው።»

«ዋይ! ከዚያስ?» አለ ኤልሳዕ። ስልኩን ረስቶታል።

«ከዚያማ…»

«ፀደይ! ንዒ! ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካን አምጪ!» አለች እናቷ ከግቢ። በእኛ ሰፈር ውሃ መጣ ከተባለ ወሬ በመሀል ይቆረጣል። ፀደይ ሮጠች፤ የቀረው ሳይነገር ቀረ።

ጋሽ ጣሰው ድንጋያቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ለስድሳ ዓመት ሰው «በእኛ ጊዜ» ማለት አንድ ነገር ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስትለው ምን ይመለስላታል? «የእኛ ይብሳል» ይባላል? ጅብ ይጨመራል?

እንዲህ ነው ነገሩ። ጋሽ ጣሰው ዕድሜ ልካቸውን ልጆች ከመንገድ እንዳይጠፉ ሲለምኑ ኖረዋል። ልመናቸው ተሰማ፤ እንዲህ ሆኖ ይሰማ ብለው ግን አልለመኑም። በዚያ በተዘጋው ጊዜ መንገዱ ልጅ በልጅ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥርጉት ጋቢያቸውን ለብሰው የድንጋዩ ሌላኛው ወገን ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ ጣሰው ፈልገው ፈልገው ሲደክማቸው ይመጣሉ።

«ሥርጉት፣ ልጆቹን አላየሽም?»

«እኔ የማንን ልጅ ልጠብቅ? ዓይናቸውንም አያሳየኝ!» ይላሉ ወይዘሮ ሥርጉት። ከጋቢያቸው ሥር ስድስት የልጅ እግር ወጥቶ ይታያል።

«እንግዲህ ወደ ላይ ልሂድ» ይላሉ ጋሽ ጣሰው፣ እግሮቹን አይተው እንዳላዩ።

በሁለተኛው ዓመት የስኳር መድኃኒት ከከተማው ጠፋ። ወይዘሮ ሥርጉትን የቀበርናቸው ሐምሌ ላይ ነው። ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ቆሙ። ማንም አልላካቸውም። «አቦይ፣ ዛሬ ኩኩሉ አይሉም?» አሏቸው። ወጡ፤ ምሰሶው ላይ ክንዳቸውን አድርገው ኩኩሉ አሉ። ዓይን የተሸፈነበት ጨዋታ መሆኑ ያን ቀን ጠቀማቸው።

ጋሽ ጣሰው የሚያፍሩበት ምሥጢር ይኼ ነው፤ ያ ክፉ ጊዜ ይናፍቃቸዋል። ረሃቡ አይደለም፣ እግዜር አያምጣው! የሚናፍቃቸው ድምፁ ነው፤ ከየጥጉ የሚመጣው «አይወግሐን!»። ይህን ለንስሐ አባታቸው እንኳ አልተናገሩም። እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ከዚያ ሰላም ሆነ፣ መስመር ተቀጠለ። ሰፈሩ እልል አለ። እሳቸውም ከእህታቸው ጋር ስልክ ይዘው ተላቀሱ። ወር ሳይሞላ ግን በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ልጆቹን ያስገባናቸው እኛው ነን! ዝም እንዲሉልን ስልክ ሰጠናቸው፤ ዝም አሉ። አሁን ደግሞ «የዛሬ ልጅ አያወራም» ብለን እናማርራለን። አፍ ያለን እኛ።

ያን ዓርብ ምሰሶው ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተለጥፎ ታየ። «ማስታወቂያ። ነገ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ኩኩሉ ይካሄዳል። ዕድሜ አይጠየቅም። ስልክ ይዞ መገኘት በጥብቅ የተከለከለ ነው። አቶ ጣሰው።» ማኅተም ስለሌላቸው ከስማቸው ሥር ፊሽካ ስለውበታል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት የድሮ ቱታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥበው ወጡ። ፊሽካ ነፉ። ማንም አልመጣም። ፀደይ ያመለጧትን ዓመታት ለማካካስ ቅዳሜም ትማራለች። ሌሎቹ ቤታቸው ናቸው። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄደው ክንዳቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና፣

«ኩኩሉ!»

የሚሰማውን ቀኝ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ኩኩሉ!»

ሱቁ በረንዳ ላይ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። «በቃ፣ ሽማግሌው ነካ አደረጋቸው» አለ አንዱ። እስክንድር የሚባለው ወጣት ስልኩን አውጥቶ ቀረጻቸው፤ «ብቻቸውን ድብብቆሽ የሚጫወቱት አዛውንት» ብሎ ለቀቀው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ በግንቡ አልገባ ያለው ድምፅ በስልክ በየቤቱ ገባ። ተመልከቱ እንግዲህ ሥልጣኔያችንን! አሥር ሜትር ላይ የቆመ ሰው ለማየት ስክሪን።

ኤልሳዕ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ሲነካካ አያቸው። «እማ! አቦይ ጣሰው ስልኩ ውስጥ ናቸው!»

«ድምፁን ቀንሰው» አለች ሰርካዲስ ከማዕድ ቤት።

ስልኩ «ኩኩሉ!» አለ። ኤልሳዕ ሳቀ። ቀነሰው። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ «ኩኩሉ!» አለ።

ልጁ ስልኩን አየ። መስኮቱን አየ። ከዚያ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥሎ በባዶ እግሩ ወጣ።

ጋሽ ጣሰው እጃቸውን ሊያወርዱ ነበር። አንዴ ብቻ ብለው፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ኩኩሉ…» አሉ።

«አይወግሐን!» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ከጥቁሩ የውሃ ሮቶ ጀርባ።

ክንዳቸውን መልሰው ዓይናቸው ላይ አጥብቀው ሲይዙ ከበረንዳው ታየን። አልዞሩም፤ ሕጉ አይፈቅድም። «ኩኩሉ!» «አይወግሐን!» «ኩኩሉ!» «አይወግሐን!»

አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ሆነ። ልጁ ተደብቆ ካለቀ በኋላ «ወጊሑ!»፣ ነጋ፣ ፈልጉኝ ማለት እንዳለበት አያውቅም። ፀደይ እዚያ ሳትደርስ ነው ውሃ የመጣው። ስለዚህ በተጠራ ቁጥር አይወግሐን ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ ጣሰው ፊሽካ ነፍተው፣ «ይኼም ጨዋታ ሆኖ! በእኛ ጊዜ ቢበዛ ሦስቴ ነበር!» ብለው ሕጉን ከመግቢያው ጀምረው ባስረዱት። የጅብ አረማመድ እንኳ ከማረም የማይመለሱት ሰውዬ አላረሙትም። ልጁ አልነጋም እስካለ ድረስ የተደበቀ ሰው አለ ማለት ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ጠሩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተመለሰላቸው። በረንዳው ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም። እስክንድርም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ነበር።

አንድ ልጅ ግን ለኩኩሉ አይበቃም። በሚመጣው ቅዳሜም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ምሰሶ ላይ ናቸው። እባካችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ልጅ የሌላችሁም ኑ፤ የድንጋዩ አቧራማ ወገን መቀመጫ ይፈልጋል፣ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይዞ ይምጣ። ሲጠሩ በአማርኛም ሆነ በትግርኛ መልሱላቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ቶሎ ብላችሁ «ወጊሑ» አትበሏቸው።