ለዕድገት ሲባል ተዘግቷል

ለታሪክ እንዲቀር ያህል እንናገር፦ የዚህች ዳቦ ቤት የዕድገት ጉዞ የተጀመረው፣ እንደ ማንኛውም ታላቅ ጉዞ፣ ቁጭ ተብሎ ነው። ባለቤቱ አንድ የንግድ ሥልጠና ላይ ቁጭ ብሎ ከረመና ባለዳቦ ቤት ሆኖ የገባው ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ወጣ። ዳቦ ቤቷ ያው የድሮዋ ናት። ምድጃ አለ፣ ባንኮኒ አለ፣ አንድ ጋጋሪና አንድ አቡኪ አሉ፣ ዳቦ በብስክሌት የሚያደርሰው የሚስቱ ታናሽ ወንድም አለ፣ ሒሳቡን የምትይዘው ሚስቱ አለች። ሥልጠናው ግን እነዚህ ሰዎች ሰዎች ብቻ እንዳልሆኑ አበራለት፤ ለካ ዘርፎች ናቸው።

ስለዚህ ጋጋሪው የምርት ዘርፍ ኃላፊ፣ አቡኪው የግብዓት ዝግጅት ዘርፍ ኃላፊ፣ የሚስቱ ወንድም ከነብስክሌቱ የስርጭት ዘርፍ ኃላፊ ሆኑ። ሚስቱ የፋይናንስ ዘርፍ ኃላፊ ሆና መሾሟ ሲነገራት "እስከዛሬ ምን ስሠራ የነበርኩ መስሎህ ነው?" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህም ሹመቱን በደስታ እንደተቀበለች ተቆጠረ።

ራዕይም ተቀረጸ፦ "በአምስት ዓመት ውስጥ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት የደረሰበት ቦታ መድረስ።" ማዶ ያለው ዳቦ ቤት የአንዲት አሮጊት ነው። ሴትዮዋ ራዕይ የላቸውም፣ ተልዕኮና እሴትም በደጃቸው አላለፈም፤ ያላቸው ሰልፍ ብቻ ነው። በአንጻሩ ለሥራ አስኪያጃችን የቀረለት አንድ ትልቅ ደንበኛ፣ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ነበር። የቤቱ እንጀራ የተንጠለጠለው በዚያ ዳቦ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ምግብ ኃላፊ ደግሞ በቀደም መጥቶ "ከእንግዲህ አንድ ቀን ቢረፍድብኝ መንገድ መሻገር አያቅተኝም" ብሎት ሄዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ በጠዋት ተነስቶ ምድጃ ያቀጣጥላል። የኛው ግን የሠለጠነ ሰው ነው፤ አሠልጣኝ ጠራ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "ውድ ደንበኞቻችን፣ እናንተን በላቀ ደረጃ ለማገልገል በስትራቴጂ ዕቅድ ላይ ስለምንገኝ ለጊዜው አገልግሎት አንሰጥም።"

ዘርፎቹ በዱቄት መጋዘኑ ውስጥ በጆንያ ላይ ተሰየሙ። በጠንካራ ጎን፣ በደካማ ጎን፣ በመልካም አጋጣሚና በስጋት ዙሪያ ሰፊ ውይይት ተደረገ። የማዶዋ ሴትዮ መጀመሪያ ስጋት ስር ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ግን ዕድሜያቸውን አስልቶ መልካም አጋጣሚ ስር እንዲዛወሩ አቅጣጫ ሰጠ። በዚህም ላይ የጋራ መግባባት ሊደረስ ሲል ሚስቱ አንገቷን በበሩ አስገባች።

"ሊጡ ደርሷል እኮ!"

"ስብሰባ ላይ ነን። ሊጡ በአጀንዳ አልተያዘም።"

"እሱን ለእርሾው ንገረው!"

ጋጋሪው ሊነሳ ቃጣው። አሠልጣኙ ትከሻውን ያዝ አደረገና "አስቸኳዩን ትተን አስፈላጊውን እናስቀድም" አለ። ጋጋሪው ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ጠዋት በድርጅቱ ውስጥ የምር ያደገ ነገር ቢኖር ሊጡ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የቡድን ግንባታ ነው። መሣሪያው "የመተማመን ጉዞ" ይባላል፤ መሪው ዓይኑ ይታሰርና ቡድኑ በድምፅ ብቻ ይመራዋል። ማሰሪያ ሲፈለግ ጠፋ። አቡኪው ሮጦ ሊጡ የተሸፈነበትን ነጭ ጨርቅ ገፎ አመጣ። በዚህ ሁኔታ ሊጡ ተገልጦ ሥራ አስኪያጁ ተሸፈነ።

ሕጉ ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ ዘርፍ የሚመራው በራሱ ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ በሰው ዘርፍ ጣልቃ መግባት ክልክል ነው። ከመጋዘን እስከ ምድጃ አቡኪው፣ ከምድጃ እስከ ባንኮኒ ጋጋሪው መሩት። ከባንኮኒ የሚመልሰው የፋይናንስ ዘርፍ ነበር። የፋይናንስ ዘርፍ ግን በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከገንዳው ወጥቶ ወለሉን ከያዘው ሊጥ ጋር ትታገላለች። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ መላሽ አጥቶ ገርበብ ባለው በር ወጣ። ከበሩ ወዲያ ያለው ደግሞ የስርጭት ዘርፍ ነው።

"ቀጥ በል ጋሼ!" አለ የሚስቱ ወንድም፣ ተራው ስለደረሰው ደስ ብሎት። "ቀጥ! አሁንም ቀጥ!"

መኪና አንባረቀ። አሠልጣኙ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋና "ሥልጠና ላይ ነን!" ብሎ አስቆመው። ሥራ አስኪያጁ ፀሐዩም ጡሩምባውም ተሰምቶታል። ግን ሕንጻውን አዙረው በዚያው በር መልሰው ሊያስገቡት መስሎት መተማመኑን ቀጠለ። ወዲያው አንድ ደጃፍ እንዳለፈ የሞቀ፣ አሁን የወጣ የዳቦ ሽታ ተቀበለው። እጁን ሲሰድ ባንኮኒ ነካ። ልቡ በደስታ ሞላ፤ ለካ እሱ ሲዞር እነሱ ጋግረዋል!

"ውድ የቡድኔ አባላት!" አለ፣ ባንኮኒውን ተደግፎ። "ይህ ሽታ የዕቅድ ውጤት ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ እኛ ቤት እንዲህ የሚሸት ዳቦ ወጥቶ አያውቅም!"

የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ሳቁ አበረታታው።

"አሁን ወደ ስልቱ ልግባ። ምስጢር ስለሆነ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ዋጋ እንቀንሳለን፤ በምትኩ በዳቦው ክብደት ላይ መጠነኛ ማመቻቸት እናደርጋለን።"

"ማመቻቸት ሲባል?" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

"ጥሩ ጥያቄ! እናሳንሳለን ማለት ነው። ልጆች ናቸው፣ አይመዝኑም። ማን ነው የጠየቀው?"

"የትምህርት ቤቱ ምግብ ኃላፊ።"

"ጎበዝ!" አለ ሥራ አስኪያጁ እያጨበጨበ። "እንዲህ ነው የደንበኛን ሚና መጫወት! ድምፁን እንኳ ቁርጥ አድርገህ ነው ያስመሰልከው። ኮስተር ያለውን፣ አለቃ አለቃ የሚለውን!"

አሁን ሳቁን ያፈነው የለም። ቀጥሎ አንድ የሴት ድምፅ በእርጋታ ጠየቀ።

"የማዶዋ አሮጊትስ? እሷ በምን ስር ናት?"

"መልካም አጋጣሚ ስር። በዕድሜ ምክንያት።"

"እሰይ፣ መልካም ከሆነስ ደግ። እስኪ ይህን ቅመስ የኔ ልጅ፣ ስትናገር ደክሞሃል።"

ትኩስ ዳቦ እጁ ላይ ተቀመጠ። ገመጠ፣ አላመጠ፣ ከዚያ ማላመጡን አቆመ። ሽታው አሳስቶት ሊሆን ይችላል፣ ባንኮኒውም አሳስቶት ሊሆን ይችላል፤ ጣዕሙ ግን አላሳሳተውም። የራሱን ዳቦ ያውቀዋላ! ይህን ያህል ጥሩ ሊሆን አይችልም።

ጨርቁን ከዓይኑ ሲያወርድ ሰልፉ ሙሉ በሙሉ እሱን ያያል። ግማሹ የድሮ ደንበኞቹ ናቸው። ፊት ለፊቱ የትምህርት ቤቱ ምግብ ኃላፊ ዳቦ የሞላ ጆንያ ታቅፎ ቆሟል። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

"ማስታወቂያህን አንብቤ ነው የተሻገርኩት" አለው። "ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር። አሁን ግን ልጆቹ ባይመዝኑም እኔ እመዝናለሁ።" ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ አፈረ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። መልሶ ደግሞ ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ዳቦውን እንደያዘ ራሱን በባንኮኒው መስተዋት ውስጥ አየና ሳቅ አመለጠው። እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኝ እሱ ራሱ ከእጁ ዳቦ አይገዛም።

"ማዶ ለመድረስ አምስት ዓመት ሲታቀድልኝ" አለ ለራሱ፣ "ዓይኔን ታስሬ ደረስኩት።"

ደጅ ላይ አሠልጣኙ እያጨበጨበ ነበር። "ራዕዩ የአምስት ዓመት ነበር! በአንድ ጠዋት ማዶ ደረስን!"

ሴትዮዋ ግን ሥራ አስኪያጁን ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

"ዕቅዴን ሰሙብኝ እማማ" አላቸው አንገቱን ደፍቶ። "ሊሠሩበት ነው?"

"እኔ? እግዜር ይጠብቀኝ!" አሉ። "እንዳትተወው ልለምንህ ነው እንጂ። ደግሞም ለሚቀጥለው ዙር የአሠልጣኙን እኔ እከፍልልሃለሁ።"

መንገዱን በገዛ ዓይኑ ተሻግሮ ሲመለስ ሚስቱ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። እስከ ክንዷ ሊጥ ነክቷታል። የኮመጠጠውን ጥላ ሌላ አቡክታ ነበር። ምግብ ኃላፊው ጆንያውን ተሸክሞ ማዶ ለማዶ ሲያልፍም፣ ሴትዮዋ ባሏን ክንዱን ሲይዙትም በመስኮት አይታለች፤ ስለ ኃላፊው አልጠየቀችም።

"ሴትዮዋ ምን አሉህ?" አለችው ብቻ።

"ለሚቀጥለው ሥልጠና ልክፈልልህ አሉኝ።"

ሚስቱ ክንዷ ላይ የደረቀውን ሊጥ አራገፈች። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያላየውን ሳቅ ሳቀችና እጇን ዘረጋች።

"ስትራቴጂ ማለት እንዲህ ነው" አለች። "በል ጨርቁን አምጣው፣ ሊጡ እንዳይደርቅ።"