የፈረንሳዩ ሙሴና የመጨረሻዋ ቁልፍ

እኔ ኦፔራ ገብቼ አላውቅም። ስለ ኦፔራ ደራሲዎች ግን ጠይቁኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያትል መሀል ከተማ፣ ከአንድ ቲያትር ቤት ማዶ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ባለመኪናው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ እኔ ቦታ ፈልጌ አቆምለታለሁ፣ ሲወጣ አመጣለታለሁ። ስለዚህ ደራሲዎቹን የምመዝናቸው ሰውን በሚለቁበት ሰዓት ነው። ሌላ በምን ልመዝናቸው?

ጀርመኖቹ አይቻሉም። የእነሱ ቀን እኔ እርቦኝ፣ በልቼ፣ ደግሞ እርቦኝ ነው ሰው የሚወጣው። ሲወጣም ከለቅሶ ቤት የሚመለስ ይመስላል። ጣልያኖቹ ይሻላሉ፤ ሴትዮዋ ታማ እስክትሞት ትንሽ ታስጠብቃለች እንጂ ክፋት የለባቸውም።

አንድ ፈረንሳዊ ግን አለ፣ ነፍሱን ይማረው! እኛ አገር መኳንንቱ በጦር ሲፈላለጉ እሱ ፓሪስ ቁጭ ብሎ ለሰው ሳቅ ይጽፍ ነበር አሉ። ኦፔራ ነው፣ ግን ቀለል ያለው፤ ባል ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደበቅበት፣ ሹም የሚዋረድበት፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ታርቆ የሚጨፍርበት። ስሙን አልነግራችሁም፤ በጠራሁት ቁጥር ልጄ "ዳድ፣ ፕሊስ!" እያለች ጆሮዋን ትይዛለች። አባቶቻችን ፈረንጁን ሁሉ "ሙሴ" ይሉት አልነበር? እኔም ሙሴ ብዬዋለሁ። በሙሴው ቀን ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ ደግሞም እያፏጨ ይወጣል። ዜማዎቹን ያወቅኳቸው ከዚያ ፉጨት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእህቴ ልጅ ናሆም ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ቤዛ የምትባል ልጅ ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባቷ ጋሽ ዘለቀ ናቸው። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ዝናቸው ግን ከኬንት እስከ ሌክ ሲቲ ይሰማል። ቤታቸው መዝሙር እንጂ ዘፈን አይከፈትም። ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ሲከፈት ያማትባሉ ይባላል። ናሆም ኪቦርድ እንደሚጫወት ሲሰሙማ፣ ለአዝማሪ ልጄን አልሰጥም አሉ።

በዚያ ላይ የሰዓት ሰው ናቸው። መጀመሪያ የተላኩት ሽማግሌዎች አርባ ደቂቃ ዘግይተው ቢደርሱ በሩን እንኳ አልከፈቱላቸውም። "ቀጠሮ ያላከበረ ቃል ኪዳን አያከብርም" ብለው በመስኮት መለሷቸው። ልጅቷ ለምና አልቅሳ ሁለተኛ ቀጠሮ አገኘች። እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ሦስተኛ የለም ተባለ። ናሆም ቤቴ መጥቶ፣ ጋሼ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሽምግልናውን ካልመሩልኝ አለቀልኝ አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

እሑድ ሥራ ነኝ። የቲያትር ቤቱን ፕሮግራም ባየው ግን የዕለቱ ደራሲ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙሴው! እግዜር ሲያግዝ እንዲህ ነው። ስምንት ሰዓት ተጀምሮ አሥር ሰዓት ያልቃል። አሥር ተኩል ቁልፎቹን አስረክባለሁ፤ የጋሽ ዘለቀ ቤት ያለበት ሬንተን ደግሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሱፌን ከሥራ ጃኬቴ ሥር ለብሼ ገባሁ። የምናገረውንም ሳምንት ሙሉ አጥንቻለሁ፤ ከተረቱም ከምሳሌውም።

ሙሴው አላሳፈረኝም። ልክ አሥር ሰዓት ላይ ሰው እያፏጨ ፈሰሰ። አሥር ከሩብ ሲሆን የቁልፍ መስቀያው ላይ አንዲት ቁልፍ ብቻ ቀረች። ሕጋችን ግልጽ ነው፤ ቁልፍ ተሰቅሎ ሠራተኛ አይሄድም። መኪናዋን የተቀበለው ከእኔ በፊት የነበረው ፈረንጁ ባልደረባዬ ነው። ሄጄ አየኋት። ብርማ ቶዮታ ናት። መስታወቷ ላይ መስቀል ተንጠልጥሏል፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የእኛ ሰው ኦፔራ ቤት ምን ይሠራል? ይኼ ይባስ አናደደኝ።

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ናሆም ኮል አደረገ።

"ጋሼ፣ ወጡ?"

"አሁን ልወጣ ነው" አልኩት።

"ሁለቱ ሽማግሌዎች ደርሰዋል እኮ። ፕሊስ፣ ጋሼ!"

ቀና ስል ማዶ ዛፍ ሥር አንድ ሰውዬ ቆሟል። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ስቧል፣ ማስክ አድርጓል። እኔን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። ፊቴን ሳዞርበት ዛፉ ጀርባ ይገባል። ሌባ ነው አልኩ። እኔ ስሄድ ሊሰርቃት ነው። ኧረ መሄጃ ባገኘሁ! እኔ ባለ ቁልፉ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ ሌባው እኔ እስክሄድ ይጠብቃል። እንዲህ ስንጠባበቅ ደቂቃው ነጎደ። የናሆም ሰርግ በአንዲት ቶዮታ ምክንያት ሊቀር ነው ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

አሥር ተኩል ሲሆን ሰውዬው መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። የምመክትበት ዱላ ፈለግኩ። እሱ ግን የዘረጋልኝ ቲኬት ነው፤ የዚያችው የመጨረሻዋ ቁልፍ ቲኬት! በእንግሊዝኛ፣ እባክህ ቸኩያለሁ አለኝ። እንግሊዝኛው ከደብረ ብርሃን አላለፈም። ሐበሻ መሆን ካልፈለገ ምን አገባኝ ብዬ እኔም "ኦኬ፣ ሰር" አልኩት። የእኔም እንግሊዝኛ የዚያው አገር ነው። መኪናዋን ሳመጣለት ከማስኩ ሥር የሙሴውን ዜማ እያንጎራጎረ፣ በጫማው አስፋልቱን እየመታ ነበር። ከዚያ ተፈተለከ። እኔም ተፈተለክኩ።

መንገዱ እሑድ ስለሆነ ክፍት ነበር፣ ተመስገን። አሥራ አንድ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በሩን አንኳኳን። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው ከፈቱልን። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ግርማ ሞገሳቸው ያስፈራል። ነጠላው ግን የተጣጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ጫማቸው ረጥቧል። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለች ባርኔጣ ውኃ ታንጠባጥባለች። እኔ አየኋቸው፣ እሳቸው አዩኝ። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን።

ባለቤታቸው ከውስጥ፣ "ግቡ እንጂ! እሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን ስብሰባ አሁን መግባታቸው ነው" አሉ።

በቃ፣ ገባኝ። ለካ ሰውዬው ሐበሻ አየኝ፣ ወሬዬ ይወጣል ብለው፣ እኔ እስክሄድ ነው ዛፍ ሥር ሲበሰብሱ የነበሩት። ማርያምን፣ የማጋለጥ ሐሳብ አልነበረኝም። አሳዘኑኝ እንጂ። ግን ሽማግሌ ቆሞ ይናገራልና ቆምኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ባጠናሁት መሠረት ጀመርኩ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ እንግዲህ ዛሬ ከየት እንደመጣን እርስዎም ያውቃሉ..."

ፊታቸው አመድ መሰለ። "ይበቃል!" አሉ። "ተቀመጡ። ልጃችንን ሰጥተናል።"

በወጉማ ዘመድ እንማከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚባለው። ባለቤታቸው እልል ካሉ በኋላ፣ ምነው፣ ሳንመክር ቢሏቸው፣ "ሰዓት አክባሪ ሰዎች ናቸው" አሉ እኔን ሳያዩ። እፎይ! ብዬ ተቀመጥኩ። ከውጭ መኪና ውስጥ ሲጠብቅ የነበረው ናሆም እልልታውን ሰምቶ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሰማኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ አንደበትህ ይባረክ አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ!

ስንወጣ ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። አደራ፣ እንዳትናገርብኝ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ስማኝማ፣ ይኼ ልጅ ኪቦርድ ይመታል የሚሉት እውነት ነው?"

የተሠራው ሁሉ ሊፈርስ ነው። "ይመታል" አልኩ ቀስ ብዬ።

ግራ ቀኝ አዩ። ባለቤታቸው ጓዳ መሆናቸውን አረጋገጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ያችን የፈረንሳዩን ዜማ ያውቃታል?"

ልጁ በዕድሜው ሰምቷት አያውቅም።

"አሳምሮ!" አልኳቸው። ሽማግሌ ዋሽቶ ያስታርቃል ይባላል። ዋሽቶ ይድራል ያለ የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ።