ክቡር ሊቀመንበሩ ያሳውቃሉ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ያላሳወቀው ነገር ተደረገ የማይባል። ዝናብ እንኳ ቢዘንብ፣ እሱ «ዘንቧል» እስኪል መሬቱ አልረጠበም። ከከሚሴ ዳር ባለው አዲስ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ክቡር ሊቀመንበር ጋሽ ሙኽታር ናቸው። ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ ቆመው «ባቲ! ባቲ!» እያሉ ተሳፋሪ ሲጠሩ ኖረዋል። ሥራውን ሲተዉት ድምፁ ግን አልተዋቸውም።

ጋሽ ሙኽታር አንድን ነገር አንዴ ብቻ ተናግረው አያውቁም። መጀመሪያ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ በድምፅ ይልካሉ፣ በአማርኛ። ከዚያ ያንኑ በኦሮምኛ። ከዚያ በወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም መትተው በቶይባ ሱቅ በር ላይ ይለጥፋሉ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው ደግሞ በየበሩ ያንኳኳሉ፦ «ያልሰማ ጂራ? ያልሰማ አለ ወይ? አልሰማሁም ማለት የለም!» ማክሰኞ «ነገ ውሃ አይመጣም» ይላሉ። ሐሙስ ደግሞ «ትናንት አይመጣም ያልኳችሁ ውሃ፣ እንዳልኩት አልመጣም» ብለው ያረጋግጣሉ። የጠፋች ዶሮ፣ የተገኘች ዶሮ፣ ባለቤቷ ያልታወቀ ዶሮ፣ ሁሉም ማስታወቂያ ይወጣላቸዋል።

ልብስ ሰፊዋ ፋኢዛ የግሩፑን ድምፅ ካጠፋች ዓመት አልፏታል። አንድ ቀሚስ ቆርጣ ሳትጨርስ አራት ጊዜ ስልኳ ሲጮህባት «አላህ ያግዛቸው እንጂ እኔስ አልቻልኩም» ብላ ዘጋችው። ሆኖም ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን አጥብቃ የምትፈልገው እሷ ነበረች። ቤቷ ከቁልቁለቱ መጨረሻ ነው። አምና ክረምት ጎርፉ በበሯ ገብቶ የሰው ልብስ አበላሽቶባታል፣ የስፌት መኪናዋንም ሞተር አቃጥሎባታል። ዘንድሮ ከተደገመ ሥራዋ አበቃለት። መፍትሔው በአራት ሰዎች አጥር ሥር የሚያልፍ ቦይ መቆፈር ነው። ለዚህ ደግሞ በደንቡ መሠረት ከስልሳ ሁለቱ አባወራዎች አርባ ሁለቱ በአካል ተገኝተው መወሰን አለባቸው።

ጋሽ ሙኽታር ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠሩ። በመጀመሪያው አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ በሁለተኛው ዘጠኝ፣ በሦስተኛው ሰባት፣ እሱም ዘበኛውን ጨምሮ። ፋኢዛ ባዶዎቹን ወንበሮች ስታይ ነገሩ ገባት። ሰውየው ለዶሮውም ለቦዩም እኩል ስለሚጮሁ፣ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ትቷል። እሷም ብትሆን ስብሰባ መኖሩን የሰማችው ከቶይባ ነው። አፈረች።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ከጨፋ ሸለቆ ማዶ ደመናው ጠቆረ። አንድ ረፋድ ክቡር ሊቀመንበሩ የመስጊዱን ጠባቂ ለምነው ማይኩን ጨበጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቢስሚላሂ! የሰፈራችን ሰዎች ሆይ…» ሲሉ መብራት ጠፋ።

በዚያ ሰፈር ከሶላት ሰዓት ውጭ ማይክ ከተከፈተ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ወንዶቹ ሱቃቸውን ዘጉ። ጎረምሶቹ የቅሬውን፣ የቀብር ማኅበሩን፣ ድንኳን ተሸክመው ደረሱና መትከል ጀመሩ። ፋኢዛም ወጣች፤ ጎረቤቷ ሀዲጃማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ እያለቀሰች መጣች።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ የቅሬው ዳኛ ሼህ ጀይላን።

«ማንም አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሙኽታር ከመስጊዱ እየወጡ። «የቦዩ ስብሰባ ነው።»

የስድቡ መዓት ወረደባቸው። ሼህ ጀይላን ከዘራቸውን አነሱ። ጋሽ ሙኽታር ያ ሁሉ ድምፅ ከድቷቸው አንገታቸውን ደፉ። ፋኢዛ አንጀቷን በሏት። ዞር ዞር ብላ ሰዉን ቆጠረች፤ ሃምሳ አንድ አባወራ።

«ሼህ ጀይላን፣ አውፍ በሉኝ» አለች። «ለሞተ ሰው ብላችሁ ሥራችሁን ጥላችሁ መጣችሁ፣ አላህ አጅሩን ይስጣችሁ። እኔን ግን ጎርፉ በቁሜ ሊወስደኝ ነው። ድንኳኑ ሳይነቀል የቦዩን ነገር ወስኑልኝ።»

ሼሁ እሷን አዩ፣ ደመናውንም አዩ። «ቁጭ በሉ» አሉ ሕዝቡን። ቦዩ በሩብ ሰዓት ተወሰነ፣ በሳምንቱም ተቆፈረ። እግረ መንገዱን ሌላ ውሳኔም ተላለፈ፦ ሊቀመንበሩ ክረምቱ እስኪወጣ በማይክም፣ በስልክም፣ በወረቀትም ምንም ነገር እንዳያሳውቁ።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። ውሃው ሳይነገርለት ይጠፋል፣ ዶሮዋም ሳትታወጅ ትቀራለች። ፋኢዛ ጸጥታውን ሁለት ቀን ወደደችው። በሦስተኛው ቀን በሩ የተንኳኳ እየመሰላት ከስፌቷ ቀና ቀና ማለት ጀመረች።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፉ ወረደ። ፋኢዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ጎርፉ በቦዩ ታጥፎ፣ ቤቷን ትቶ ሲያልፍ አየች። ስልኳን አወጣችና በግሩፑ ላይ የመጀመሪያዋን የድምፅ መልእክት ላከች፦ «ውሃው በቦዩ አልፏል። ቤቴ ደረቅ ነው። አላህ ይስጥልኝ። ያልሰማ ጂራ?»

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሙኽታር ናቸው፤ ጃንጥላቸው ተገልብጧል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል። ከቦዩ አናት ጀምረው ውሃውን እየተከተሉ መውረዳቸው ነው። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የከለከሉኝ ማይክና ስልክ፣ ወረቀትም ነው። ስለ በር ያሉት የለም። ፋኢዛዬ፣ ሰምተሻል? ውሃው በቦዩ አልፏል!»

ፋኢዛ ስልኩን ቀስ ብላ ሂጃቧ ሥር ደበቀችው።

«ኧረ አልሰማሁም፣ ጋሽ ሙኽታር» አለች። «አንቱ ካልነገሩኝ ከማን እሰማለሁ? ይግቡ።»