ለዓባይ ጀልባ ትንፋሽ ሲመረጥ

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሊቀ ሞተራት ላቀውን ድንገት አገኘኋቸው። ከተያየን ስድስት ዓመት አልፎናል። ሽበታቸው ጨምሯል፤ እጃቸው ግን ያው ዘይት ጠጥቶ የጠገበ እጅ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

"አንተ መምህር፣ አለህ እንዴ?" አሉኝ።

"እርስዎን ሳልሰናበት የት ልሄድ?"

ማዕረጉን የሰጣቸው ጳጳስ አይደለም፤ የቡሬ አረቄ ቤት ነው። ጋራዣቸው ከአረቄ ቤቱ ፊት ለፊት ስለነበር ሹመቱ ሩቅ መንገድ አልሄደም።

በያንዳንዱ ከተማ አንድ መራጭ አለ። ሌላው ሰው ገዝቶ ይጸጸታል፤ መራጭ ግን ሳይገዛ ያረጃል። "መራጭ ይወድቃል ከምራጭ" የሚባለው እሱን አይመለከትም፤ ለመውደቅ እኮ መጀመሪያ መራመድ ያስፈልጋል። የቡሬው መራጭ ሊቀ ሞተራት ላቀው ነበሩ። የፋሲካ በግ ለመምረጥ በሆሳዕና ዋዜማ ጅጋ ገበያ ይወርዳሉ፤ በጉ ቤት የሚደርሰው ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ለጋራዡ በር ቀለም ሲመርጡ በሩ ዝጎ ወደቀ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታንጉት፣ "እኔንማ የመረጡ አባታቸው ናቸው። ለእሳቸው ቢተው እስካሁን እናቴ ቤት ነበርሁ" ይላሉ። ቸኩሉ የሚላቸው ሰው ከመጣ መልሳቸው አንድ ነው፦

"ለቀብር ካልሆነ ምን ያጣድፋል?"

በ1993 ዓ.ም. ጥር ላይ የወንበርማ ሰዎች ከዓባይ ዳር አንድ የጀልባ ሞተር ይዘው መጡ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ጀልባውንም ሞተሩንም ትቶላቸው ነበር፤ ሞተሩ ግን ደርቆ አልነሣ ብሏል። ያመጡት አሻጋሪው አያ ክንፈሚካኤል ናቸው። ማዶ ያለው ሰው ሽንዲ ገበያ የሚወጣውም፣ በሽተኛ የሚያመጣውም በእሳቸው ታንኳ ነው፤ ክረምት ዓባይ ሲሞላ ደግሞ ታንኳው ይቆማል። የላቀው ታላቅ እህት እናኑም ማዶ ነው ያገባችው።

ሊቀ ሞተራት ሞተሩን በሁለት ቀን አዳኑት። ከዚያ ውሃ የሞላ በርሜል አፍ ላይ አስረው ቀሰቀሱት። ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አለከለከ።

"ይሄው ይተነፍስ የለ?" አሉ አያ ክንፈሚካኤል።

"ማውጣቱንስ ያወጣል፤ የሚያስገባው ነው ያጣ። እንዲህ ሆኖ ከእጄ አይወጣም።"

ጥፋቱ ከእኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ቡሬ ነበር የማስተምረው። ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በተለገሰ አንድ ሣጥን ውስጥ ስለ ባሕር እሽቅድድም ጀልባዎች የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሔት አግኝቼ ነበር። ለተማሪ የሚረባ ነገር ስላልነበረው ለሊቀ ሞተራት ወሰድሁላቸው። ባለ ሺህ ፈረስ ጉልበት ሞተሮች ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ሱፐርቻርጀር የሚባል ነገር ተሸክመዋል። አየር እየጨመቀ ለሞተሩ የሚያጎርስ፣ የአንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው። ሊቀ ሞተራት ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። ከዚያ፣ "መድኃኒቱ ተገኘ። የቀረን መምረጥ ነው" አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉባኤ ሆነ። እኔ ንባቡን አሰማለሁ፤ እሳቸው ይተረጉማሉ። "አንድም ባለ ሁለት ጥርሱ ነው፤ ከመነሻው ይገፋል፣ ግን ይግላል። አንድም ባለ ጥምዝምዙ ነው፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ሥራው ግን ረቂቅ ነው፣ ቢሰበር ማን ያድነዋል? አንድም እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከረው ነው፤ እሱ ሲፈጥን እንጂ ሲነሣ ኃይል የለውም፣ ዓባይ ደግሞ የሚይዝህ ስትነሣ ነው።" ጨረሱ ስል ስለ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ስለ ቺንጋው ስፋት ይጀምራሉ። ከሥዕሎቹ አንዱን ለመምረጥ እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ፣ "ሙቀቱስ?" እላለሁ፤ እጃቸው ይመለሳል። ሙቀቱ አስጨንቆኝ አይደለም። ወሬው እንዳያልቅብኝ ነው።

አያ ክንፈሚካኤል በየሁለት ወሩ ዳገቱን ወጥተው ይመጣሉ።

"ኧረ ጋሽ ላቀው፣ እንዳለ ስጡን።"

"ባለ ሺህ ፈረሱን አላዩም እንጂ አያ ክንፌ፣ እንዲህ አይሉም ነበር።"

"ሺህ ፈረስ? እኛ ማዶ ነው የምንሻገር፤ ዓባይን ልንወጋ አልተነሣን።"

"ወርዳችሁ እዚያው ሞክሩት" ቢሏቸውም ሊቀ ሞተራት እሺ አላሉም። የላቀው አባት በወባ የሞቱት ቆላ ወርደው ነው፤ ሊቀ ሞተራት ከሽንዲ በታች ወርደው አያውቁም። እህታቸውም ብትሆን በዓመት በዓል ወደ ደጋ ትወጣለች እንጂ ቤቷን አይተውት አያውቁም።

ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ አያ ክንፈሚካኤል፣ ውሃው ረገብ ባለ አንድ ቀን ከማዶ የተሻገረ መልእክት ይዘው መጡ። "እናኑ ታማለች። ላቀው አንድ ጊዜ ይየኝ ብላለች።" ጋራዡ ውስጥ እኔም ነበርሁ።

"ሱፐርቻርጀሩ ይገጠምና ራሴው በጀልባው እሻገራለሁ" አሉ ሊቀ ሞተራት።

"ዘንድሮ?"

"ለቀብር ካልሆነ ምን ያጣድፋል?"

እኔ ሳቅሁ።

በነሐሴ "ደክማለች" የሚል ወሬ ሲደርሳቸው ምንም አልመረጡም። ሞተሩን እንዳለ በጭነት መኪና እስከ ሽንዲ፣ ከዚያ በበቅሎ አስጭነው ወረዱ። የሆነውን የነገሩኝ አያ ክንፈሚካኤል ናቸው። ዓባይ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል። ሊቀ ሞተራት ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ሞተሩን ከጀልባው ጀርባ አሰሩና ገመዱን ሳቡት።

በአንድ ስበት ተነሣ። አልሳለ፣ አላጨሰ፤ ገደሉን እስኪያስተጋባ ጮኸ። ለመሻገር የፈጀባቸው አምስት አቡነ ዘበሰማያት ቢደገም ነው። ዳገቱን ወጥተው ሲደርሱ ለቀስተኛው ከእናኑ መቃብር ይመለሳል።

ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ቡሬ ደጋ ስለሆነ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ዓባይ ዳር አየሩ ወፍራም ነው። ይህን ማወቅ የነበረበት ሰው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። "ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል" ብዬ ያንኑ ዓመት ለሰባተኛ ክፍል በሰሌዳ ጽፌያለሁ። ጠመኔዬን አራግፌ ወደ ጋራዡ ሄጄ ስለ ወናፍ አነብ ነበር።

ለልቅሶ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም። በመስከረም ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁ። ዝውውሩን የጠየቅሁ ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አጫውቶኛል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን አሁንም ጆሮዬ አንድ ሰው ይፈልጋል።

መናኸሪያው በር ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

"ምን ሊገዙ መጡ?"

"ካንዴላ። ለጀልባዋ ሞተር።"

ጋራዡን ለልጃቸው ትተው ከአያ ክንፈሚካኤል ጋር ሰው እንደሚያሻግሩ ያኔ ሰማሁ። ልማዴ ሆኖ፣ "ስንት ሱቅ ዞሩ?" አልኋቸው።

"አንድ።"

"ጋሽ ላቀው" አልሁ፣ "ያን መጽሔት ያመጣሁ እኔ ነኝ። ሙቀቱስ እያልሁ ያስመረጥሁዎትም እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔም ጠይቀኝ እያልሁ ነበር ቅዳሜን የምጠብቅ።"

ረዳቱ "ቡሬ፣ የቀረ አንድ ሰው!" እያለ መጣ። የሚኒባሱ ጎማ የተላጨ ራስ መስሏል። ሊቀ ሞተራት ጎማውን አላዩም፤ ነገ ሽንዲ ገበያ ነው፣ ማዶ ሰው ይጠብቃል። አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ዞር አሉ።

"ሁለታችንም ከላይ ሆነን ነው ያወራን፣ መምህር። አንድ ቀን ውረድ። እታች አየር ሞልቷል።"