ሁለቷ ጭረት

ለሰነፍ ጸሐፊ የተሰጠች ጸጋ ብትኖር ሁለቷ ጭረት ናት። በሠንጠረዥ ላይ አንዱን ነገር ደጋግሞ ከመጻፍ ከሥሩ ሁለት ጭረት ጣል ማድረግ ነው፤ አንባቢ «ከላይ እንዳለው» ብሎ ያልፋል። አንድ ክፋት አለባት። ታዛዥ ናት። «እንደ ላይኛው» ከተባለች፣ ላይ ያለው ማን እንደሆነ አትጠይቅም። እንዲህ ያለ ታዛዥ እናንተም መሥሪያ ቤት አይጠፋም።

እኔ ነቀምቴ ውስጥ የመምህራን ዝውውር በሚታይበት ቢሮ ታይፕ እመታለሁ። ባለፈው ክረምት ዝውውር የጠየቁ መምህራን ዝርዝር ከዲጋ ወረዳ መጣ። ዲጋዎች የጻፉት በየትምህርት ቤቱ ከፋፍለው ነው፤ የእኛ ቢሮ ደግሞ በፊደል ተራ ካልሆነ አይቀበልም። ስሞቹን በሀ ሁ ደረደርኩና ጭረቶቹን እንዳሉ አሻገርኳቸው። ኦቦ ቶለሳ፣ ለጡረታ የተቃረቡት የሒሳብ መምህር፣ በዲጋው ወረቀት ላይ ምክንያቱ «የዓይን ሕክምና» ከሚል ሰው ሥር በሁለት ጭረት ነበሩ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ከመምህርት ብዙነሽ ሥር ዋሉ። የብዙነሽ ምክንያት «እርግዝና» ነው።

የዝውውር ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ አነበበ፣ ፈረመ። ማንም አልሳቀም። ለኦቦ ቶለሳ የተላከውን ደብዳቤም የመታሁት እኔው ነኝ፤ ስመታ ደግሞ አላነብም። «የሚወልዱበትን ጊዜ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ በአሥር ቀን ውስጥ ካላቀረቡ ጥያቄዎ ይሰረዛል» ይላል።

በዘጠነኛው ቀን ኦቦ ቶለሳ ደብዳቤውን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ገቡ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። «ያነበበችልኝ ባለቤቴ ናት፤ ስትስቅ ነው የሰነበተችው። ሐኪሙ ያየው ዓይኔን ነበር፤ ሆዴንም ላሳየው?»

ሳቅኩ።

«ቀኟ ሄዳለች» አሉ ቀጥለው። «እዚህ ተዛውሬ ካልታከምኩ ግራዋም ትከተላለች ብሎኛል ሐኪሙ።»

ደብዳቤውን ተቀበልኳቸው። በዲጋ ሰዎች ማላከክ ይቻል ነበር፤ ሐሳቡም መጥቶልኛል፣ አልዋሽም። ግን ያቺ የቀረች ዓይን ትታየኝ ነበር። ተነስቼ የኮሚቴው ሊቀመንበር ዘንድ ገባሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ኦቦ ቶለሳ አላረገዙም።»

«ሰነዱ ይላል እኮ። ቃለ ጉባኤውም ተፈርሟል።»

«ሰነዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱም የእኔ ነው» አልኩ፤ ይህንኑ ጽፌ ፈረምኩ።

ዝውውሩ ተፈቀደ፤ ግራ ዓይናቸው ታከመች። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተወሰነ። የተቀጡ ሠራተኞች ዝርዝር፣ እንደ ደንባችን በፊደል ተራ ተገልብጦ፣ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሄጄ አየሁት። ከእኔ በላይ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አለ፤ ጥፋቱ «በሥራ ሰዓት ሰክሮ መገኘት»። ቀጥሎ የእኔ ስም። ከስሜ ጎን ሁለት ጭረት።

ያደግኩት ጠላ እንኳ በማይገባበት ቤት ነው። ላሳርም ብዬ መንገድ ጀመርኩና ተመለስኩ። ኦቦ ቶለሳ በእኔ ጦስ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አርግዘዋል። እኔም ወረቀቱ ከሰሌዳው እስኪነሳ ልስከር።